በጉያ የዋለ ስልክ

ጣይባ ስልኳን የምትይዘው በጉያዋ ነበር። ኪስ ጠፍቶ አይደለም፤ ማዳም የሰጠቻት ሰማያዊ የሥራ ቀሚስ ግራና ቀኝ ሰፋፊ ኪስ ነበረው። ግን ኪስ ውስጥ ያለ ስልክ ሳህን ሲታጠብ ውሃ ይገባዋል፣ ወለል ሊወለወል ጎንበስ ሲባል ዱብ ይላል። ደግሞም የአገሯ የሐርቡ ሴት የምትሳሳለትን ነገር የምትሸጉጠው ከጡቷ ሥር ነው፤ እናቷም እንዲያ ነበረች። ስለዚህ ጣይባ ጠዋት ሱብሒ ሰግዳ እንደጨረሰች ስልኩን በግራ በኩል ከጡት መያዣዋ ውስጥ ትከተዋለች፤ የማዳመጫውን ሽቦ በሒጃቧ ሥር አሳልፋ አንዱን ጫፍ ጆሮዋ ላይ ትሰካለች፤ ከዚያ መንዙማ ወይም ቁርአን እየሰማች ስትጠርግ፣ ስታጥብ፣ ስትከትፍ ትውላለች። ማታ ስታወጣው ስልኩ ከምድጃ እንደወጣ ዳቦ ይሞቃል።

የምትሠራበት ቤት ኩዌት፣ ሚሽሪፍ ውስጥ ነው፤ ባለ ሁለት ፎቅ፣ በሩ ላይ የቁርቁራ ዛፍ ያለበት። ጌታው ከሞተ ቆይቷል። ወንዶቹ ልጆች አግብተው ወጥተዋል። የቀሩት ማዳም ኑሪያና የመጨረሻ ልጇ ደላል ናቸው። ማዳም ኑሪያ የሴቶች ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆና ጡረታ የወጣች ሴት ናት፤ ቤቷንም እንደ ትምህርት ቤት ነው የምታስተዳድረው። ፎጣ በቀለሙ፣ ቅመም በፊደል ተራ ይደረደራል። ደላል ዩኒቨርሲቲ ናት። ጣይባ እዚያ ቤት ስትገባ ደላል ጥርሷን ገና የምትቀይር ልጅ ነበረች፤ ጠዋት ጠዋት ጸጉሯን እየጎነጎነች ትምህርት ቤት የላከቻት ጣይባ ናት።

ኮሮና ከገባ ወዲህ ቤቱ ተቀየረ። ደላል ትምህርቷን ክፍሏ ተቀምጣ በስክሪን ትከታተላለች። ወንዶቹ ልጆች ሲመጡ በአጥሩ በር ቆመው እናታቸውን ከሩቅ በእጃቸው ሰላም ብለው ይመለሳሉ። ጣይባ ቲማቲሙን አንድ በአንድ በሳሙና ታጥባለች፣ የዳቦውን ላስቲክ በኮምጣጤ ትወለውላለች፣ የበር እጀታ በክሎሪን ታሻለች፤ የጣቶቿ ቆዳ ተልጦ ነጭ ሆኗል። የሰዓት እላፊው ሲደርስ መንገዱ ጸጥ ይልና የጎረቤት ውሃ ማቀዝቀዣ ሲያጓራ ይሰማል።

በዚያ ቤት ዕቃ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። የማዳም ጫማ፣ የማዳም ቦርሳ፣ የሳሎን መጋረጃ፣ ሁሉም ሲሰለች ወደ ጣይባ ክፍል ይመጣል። ስልኩም የመጣው በዚሁ መንገድ ነው። ማዳም አዲስ ስልክ የገዛች ዕለት ደላል አሮጌውን ይዛ ወጥ ቤት ገባች፤ ወንበር ላይ ተቀምጣ የእናቷን፣ እሷ እንደምትጠራት የዩማን፣ ፎቶና መልእክት ታጠፋፋ ጀመር። ከስክሪኑ ጥግ ላይ አንዲት ክብ፣ የጥፍር ስፋት ያላት ቀይ ጽጌረዳ ነበረች።

"ይቺስ አበባ?" አለች ጣይባ አንገቷን አስግጋ።

"ይቺማ ዩማ ያደረገቻት ናት። ላጥፋት?"

"ተያት፣ ታምራለች።"

"ኸላስ! ከነአበባሽ ውሰጂው" አለች ደላል፤ ስቃ ሰጠቻት።

ጣይባ ስልኩን በአፍ መጠየቅ የተማረችው በዚያው ሰሞን ነው። የማይክ ምልክቷን ነክቶ መናገር፣ መልሱን ማዳመጥ። አንድ ቀን ነጭ ጠረጴዛ ልብስ ላይ የፈሰሰ ሳፍሮን እንዴት እንደሚለቅ ጠየቀችው፤ ነገራት፤ ለቀቀ። ሌላ ቀን የሩዝ ነቀዝ ጠየቀችው፤ እሱንም ነገራት። እንዲህ እንዲህ እያለች ለመደችው፤ "አዋቂው" የሚል ስምም አወጣችለት። ማዳም እንዳትሰማት ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ማድቤቱ ጥግ ከማቀዝቀዣው ጎን ቆማ ነበር የምታዋየው።

አንድ ዓርብ ረፋድ ላይ ልጇ ሐሲና ከደሴ ደወለች። ሐሲና ኮሌጅ ናት፤ የጣይባ አንድያ ሴት ልጅ፣ የስደቷም ምክንያት። ጣይባ ስልኩን ከጉያዋ መዝዛ ልታወጣ ስትቸኩል ጣቷ አንድ ነገር ነካ። ከጡቷ ጎን፣ ወደ ብብቷ ጠጋ ብሎ፣ እንደራሰ ባቄላ ያለ ጠጣር ነገር። አያምም። ሲገፉትም አይሸሽም።

ከልጇ ጋር አወራች። ምን እንዳወራች ግን ስልኩ ሲዘጋ አላስታወሰችም።

መጀመሪያ ያሰበችው ስልኩን ነው። ጠርዙ ሲጫነኝ፣ ሙቀቱ ሲያቃጥለኝ ውሎ እያደረ ነው እንዲህ የቋጠረው አለች። ወደ ቀኝ አዛወረችው። ቀናት አለፉ። ባቄላው ግን ካለበት አልነቃነቅ አለ።

ለማዳም መንገር? ያ የማይታሰብ ነበር። አንደኛ ነውር ነው፤ ጡት ለሰው የሚነገር ነገር አይደለም። ሁለተኛ የዙበይዳ ነገር አለ። ዙበይዳ የጎረቤት ቤት ሠራተኛ፣ የቃሉ አገር ልጅ ነበረች፤ አንድ ጠዋት ምንጣፍ ስታራግፍ ሳል ያዛት። ከዙሁር በፊት ሳለች፤ የዐስር ሶላት ሳይደርስ ሻንጣዋ አጥሩ በር ላይ ወጣ፤ የመክተቡ መኪና መጥቶ ወሰዳት። መክተብ ማለት ሠራተኛ የሚያስመጣው ቢሮ ነው፤ የታመመና ያልተፈለገ ሁሉ ወደዚያ ይመለሳል። ኋላ ሲጣራ የዙበይዳ ሳል የምንጣፉ አቧራ ነበር። መልሶ የጠራት ግን አልነበረም። ጣይባ በአጥሩ ቀዳዳ ያን ሻንጣ አይታዋለች፤ ዚፑ ተበላሽቶ በገመድ የታሰረ ቡናማ ሻንጣ። ታምሜያለሁ ብትል የእሷም ሻንጣ እዚያው በር ላይ እንደሚቆም፣ ከሻንጣው ጋር የሐሲና ትምህርት አብሮ እንደሚወጣ አልተጠራጠረችም። ዝም ብትል ደግሞ ያ ባቄላ ምን እንደሚያበቅል አታውቅም።

ስለዚህ አዋቂውን ጠየቀችው።

በአማርኛ ብትጠይቀው ልጅ ጡት ስለማስጣል የሚያወራ ቪዲዮ አመጣላት። "አይ አንተ! ይኸን መች አልኩህ" ብላ በወጥ ቤት ዐረብኛዋ ሞከረች። የእሷ ዐረብኛ ከማዳም አፍ እየለቀመች የተማረችው ነው፤ ወንዱም ሴቱም አንድ፣ የትናንቱም የነገውም አንድ። "ደረት ውስጥ ፍሬ አለ፣ ህመም የለም፣ ይሄ ምን?" አለችው። ስልኩ ትንሽ አሰበና፣ ይህን ማለትሽ ነው ወይ ብሎ ንግግሯን አስተካክሎ፣ እንደ ዜና አንባቢ ባማረ ዐረብኛ ጽፎ አቀረበላት። ጣይባ ልጅ ሆና ቁርአን ስለቀራች ፊደሉን ትለያለች፤ ቀስ ብላ አነበበችው። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ጥሩ ዐረብኛ ተናግራ አታውቅም። ነካችው። መልሱን በጆሮዋ አነበበላት። አንዳንዱን ገባት፣ አንዳንዱን አልገባትም፤ አንዷን ቃል ግን ገና ሲጠራት አወቀቻት። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ፎቶዋ የተሰቀለው የማዳም እህት የሞተችበት በሽታ ስም ነበረች። ጣይባ ናት ያስታመመቻት።

እጇ ላይ የነበረው ማንኪያ ወደቀ።

"ጣይባ! ምን ሰበርሽ?" አለች ማዳም ከሳሎን።

"ምንም ማዳም፣ ማንኪያ ነው።"

ከዚያ ወዲያ ጠይቃ አልጠገበችም። ህመም የሌለው እብጠት ይገድላል? ስልክ በደረት ማስቀመጥ እብጠት ያመጣል? ሳይቆረጥ በመድኃኒት ይጠፋል? ጥያቄ ሁሉ በተሰባበረ ዐረብኛ ይገባና ተጠግኖ ይወጣል።

ያልጠበቀችው ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። መንዙማ ልትከፍት ስልኩን ብታነሳው፣ ሳትጠይቀው የጡት ሥዕል ዘረጋላት። ሩዝ ስንት ደቂቃ እንደሚዘፈዘፍ ልትጠይቀው ብትከፍት፣ ሳትናገር ስለ ሐኪም ያወራላታል። ጣይባ ደጋግማ አሰበችበት። ይህ ስልክ ከነጋ እስከ መሸ ሲተኛ የኖረው የት ነው? እዚያው ባቄላው ጎን አልነበረም? ዳስሶታል ማለት ነው። ከኔ ቀድሞ ያውቀው ነበር አለች።

ፋሐሂል ለምትሠራው ለረድኤት ደወለች። ረድኤት የደብረ ታቦር ልጅ ናት፤ ኩዌት የገቡ ቀን መክተቡ ውስጥ አንድ ፍራሽ ላይ ያደሩ ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ እህትማማች ናቸው። ጣይባ ስለ ባቄላው አልነገረቻትም። ስለ ስልኩ ብቻ ነገረቻት።

"እትዬ ጣይባ፣ ስልክ ነው ወይስ ቃልቻ ነው የያዝሽው?" አለች ረድኤት፤ ሳቋ መጣ።

"ወላሂ ረዱ፣ ሳልጠይቀው ነው የሚመልስልኝ።"

"ታዲያ ምን ችግር አለው? የሎተሪ ቁጥር ጠይቂልኝ።"

"ቀልዱን ተይው። ሰውነቴን ያውቃል እልሻለሁ።"

"ሰውነትሽን?" ረድኤት ሳቋን ቆረጠች። "ምን ሆነሻል?"

"ምንም።"

"እትዬ፣ ምንም ስትይ ድምፅሽ ይቀጥናል።"

"ምንም አልሆንኩ አልኩሽ እኮ። ማዳም ጠራችኝ፣ ቻው" ብላ ዘጋችው። ማዳም አልጠራቻትም ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ ግን የባሰ መጣ። ጣይባ ስልኩን ከፈተች። ከመፈለጊያው ሥር፣ ቀደም ሲል የተጠየቁት ጥያቄዎች በሚቀመጡበት ቦታ፣ እሷ ያልጠየቀችው ጥያቄ ቁጭ ብሏል። ፊደል በፊደል አነበበችው። *የጡት በሽታ ከቤተሰብ ወደ ሴት ልጅ ይተላለፋል?* ከሥሩ ሌላ አለ። *ልጄ ሕመሟን ከደበቀችኝ ምን ላድርግ?*

የሽንኩርቱ ጆንያ ላይ ተቀመጠች።

ስለ ሐሲና አንድም ቀን ነግራው አታውቅም። ሴት ልጅ እንዳለኝ ማን ነገረው? ሐሲና ታማ ደብቃኝ ይሆን? ያ አላህ፣ ከደሴ ድረስ ያያል? ስልኩን በሁለት ጣቷ፣ እንደ ሞተ አይጥ አንጠልጥላ ይዛ፣ በወጥ ቤት ፎጣ ጠቅልላ ከናፕኪኖቹ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። መሳቢያውን ዘጋችና ጀርባዋን ሰጠችው። ወዲያው ደግሞ ከፍታ አወጣችው፤ ያለ እሱ ለሐሲና መደወያ የላትም።

"ሐሲናዬ፣ ደህና ነሽ?"

"ደህና ነኝ እማ። ምነው በዚህ ሰዓት?"

"ሰውነትሽስ? ምንም የሚቆረቁርሽ ነገር የለም? እዚህ... ደረትሽ አካባቢ?"

"እማ! ምን ማለትሽ ነው?"

"እንዲያው ነው።"

"አንቺ ደህና ነሽ?"

"አብሽሪ፣ ደህና ነኝ" አለች ጣይባ፤ ድምጿ ቀጠነ።

በዚያ ሰሞን የቤቱም ነገር እንግዳ ሆነባት። ማዳም ኑሪያ ምግብ አቆመች። ሳህኗን ገፋ አድርጋ ደላልን ታያለች፤ ደላል ቀና ስትል ዓይኗን ትሰብራለች። በግድግዳው ላይ ካለው የእህቷ ፎቶ ፊት ቆማ ትቀራለች። አንድ ቀን ቅመሙን ከተራው ውጪ አገኘችውና ምንም ሳትል አለፈች፤ ጣይባ ያኔ ነው ነገሩ ትልቅ መሆኑ የገባት። አውቃብኝ ይሆን? ጠረኔ ተቀይሮ ይሆን? እያለች ከማዳም ፊት መሸሽ ጀመረች።

ከዐስር ሶላት በኋላ ነበር። ጣይባ የሻዩን ትሪ ይዛ ወደ ሳሎን ስትቀርብ ጩኸት ሰማች።

"በቁርአን ማይልኝ!" ትላለች ማዳም። ታብሌቷ ጭኗ ላይ ነው። "ዓይኔን እያየሽ ማይልኝ!"

"ዩማ፣ ምኑን ነው የምምለው? ምን አደረግሁ?"

"አክስትሽም እንዲሁ ደበቀችኝ! እስኪያልቅላት ደበቀችኝ! አንቺም ልትገይኝ ነው?"

"እኔ ምንም አልታመምኩም!"

"ታዲያ ይሄን ማን ጠየቀው? እኔ አልጠየቅሁ። በዚህ ቤት ታብሌቴን ከአንቺ ሌላ የሚነካ ማን አለ?" ማዳም መነጽሯን አስተካክላ፣ የትምህርት ቤት ድምጿ ተሰባብሮ ማንበብ ጀመረች። "በጡት ውስጥ የሚገኝ ህመም አልባ እብጠት ምንድን ነው? ህመም የሌለው እብጠት ይገድላል?"

ጣይባ በሩ ላይ ደረቀች። ያ የሚነበበው የእሷ ጥያቄ ነው። ያ ያማረ፣ የተጠገነ፣ የእሷ የማይመስል ዐረብኛ። እንደተናገረችው ተሰባብሮ ቢቀር ኖሮ ማዳም ገና በመጀመሪያው ቃል የማን አፍ እንደሆነ ታውቀው ነበር። ታብሌቱ ጥግ ላይ ደግሞ አንዲት ክብ፣ የጥፍር ስፋት ያላት ቀይ ጽጌረዳ አለች።

"ሳልሚያ ሰፈር ካለችው ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ይዤልሻለሁ፤ ነገ ጠዋት ትሄጃለሽ" አለች ማዳም እያለቀሰች። "ብትወጂም ባትወጂም።"

"አልሄድም! ያልታመመ ሰው በዚህ ኮሮና ምን ሊሠራ ሐኪም ቤት ይሄዳል? አምጪው እስቲ፣ ምን ይላል ሌላ?" ደላል ታብሌቱን ነጥቃ ወደ ታች ገፋችው። "ይኸው! ስልክ በደረት ማስቀመጥ እብጠት ያመጣል ወይ ይላል። እኔ ነኝ ስልኬን ደረቴ ላይ የማስቀምጠው? ዩማ በአላህ ይሁንብሽ፣ ስልኩን ጡቱ ውስጥ የሚከት ሰው ማን ነው?"

ማንም ገና ወደ ጣይባ አላየም። ሽቦው ከሒጃቧ ሥር ወጥቶ ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሏል፤ በጆሮዋ መንዙማው ቀስ ብሎ ይሰማል። የወጥ ቤቱ በር ከኋላዋ ክፍት ነበር። ትሪውን አስቀምጣ ዞር ብትል፣ ስልኩን ሽንት ቤት ብትጥለው፣ ማን ያውቅባታል? ያን ባለ ገመድ ቡናማ ሻንጣ አሰበች። ሐሲናን አሰበች። ከዚያ ጸጉሯን ስትጎነጉንላት ያደገችው ልጅ ፊቷን በእንባ አጥባ፣ እናቷ ደግሞ በልጇ ላይ እንደ ለቅሶ ቤት ስትንሰቀሰቅ አየች።

ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። እጇን ወደ ጉያዋ ሰደደች፣ ስልኩን አወጣች። ሞቃት ነበር። ከታብሌቱ ጎን አስቀመጠችው። ሁለት ጽጌረዳ ጎን ለጎን ሆኑ።

"ማዳም፣ እኔ ነኝ" አለች። "የኔ ነው።"

ማዳም ስልኩን አየች፣ ታብሌቱን አየች፣ ጣይባን አየች። ፊቷ ላይ የነበረው ሁሉ እንደ ገመድ ተፈታ።

"አልሐምዱሊላህ!" አለች፤ ደላልን ጎትታ እቅፏ ውስጥ ጨመቀቻት። "አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ!"

ጣይባ ቆማ ሰማችው። የባቄላውን ስም የሰማች ዕለት እንኳ እንዲህ አልደነገጠችም። እግሯ ከምንጣፉ ጋር የተሰፋ መሰላት።

"ዩማ!" አለች ደላል ከእቅፉ ወጥታ። "ምን አልሽ አሁን? ዩማ፣ ጣይባ እኮ ናት!"

ማዳም አፏን በእጇ ከደነች። ከላይ ያሉት ዓይኖቿ ቀስ እያሉ ሰፉ። ከዚያ ማዳም ተነሳች፤ ደላልን "ውጪና በሩን ዝጊ" አለቻት።

"የት ጋ ነው?" አለች ሁለቱ ሲቀሩ።

ጣይባ አፍራ በጣቷ በቀሚሷ ላይ አመለከተች። ማዳም ቀረበች። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት የማዳም እጅ ጣይባን የነካው ዕቃ ሲቀባበሉ ብቻ ነበር፤ ኮሮና ከመጣ ወዲህ ደግሞ ዕቃም ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ነበር የሚነሳው። አሁን ያ እጅ ሄዶ ባቄላውን አገኘው። እህቷ ላይ ዳስሳው ታውቃለችና ጣቷ አልተሳሳተም። ፊቷ አመድ መሰለ።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አለች፤ ቁጣ ይሁን ልቅሶ ድምጿ አይለይም። "ለኔ ሳትነግሪ ለስልክ ትነግሪያለሽ?"

"ማዳም፣ ስልክ ሰውን ወደ መክተብ አይመልስም" አለች ጣይባ።

ዙበይዳ የተወሰደች ቀን ማዳምም በመስኮት ቆማ አይታለች፤ መጋረጃውንም የዘጋችው እሷ ናት።

በማግስቱ ለደላል በተያዘው ቀጠሮ ጣይባ ሄደች። ማዳም ሾፌሩን ትታ ራሷ ነዳች፤ ሁለቱም ማስክ በማስክ ላይ ደርበው፣ መስኮቱን ከፍተው፣ ሳይነጋገሩ። ከሳልሚያዋ ሐኪም ወደ መንግሥት ሆስፒታል ተላኩ። በመርፌ ናሙና ተወሰደ። መልሱ ሲመጣ ክፉው ዓይነት ነበር። ግን ሐኪሟ እንዳለችው ገና በፍሬነቱ ነው የተገኘው፤ ሥር አልሰደደም። ከረመዳን በፊት ቆርጠው አወጡት።

ሆስፒታል ሳለች ጠያቂ አይገባም ነበር። ደላል ከአጥሩ ውጪ መኪና ውስጥ ሆና ደወለችላት፤ ነገሩን ያስረዳቻትም ያኔ ነው። ስልኩ ውስጥ የቀረው የዩማ አካውንት ነው፤ ታብሌቷም የሚሠራው በዚሁ ነው፤ አንቺም ዩማም የምትጠይቁት አንድ ቦታ ሲጠራቀም ነበር አለቻት። አበባዋ የዚያ ምልክት ናት።

"ማሽኑ አንቺንና ዩማን እንደ አንዲት ሴት ነው የቆጠራችሁ" አለች ደላል። "የምትታመም፣ ልጅ ያላት፣ ሩዝ የምትቀቅል፣ አዲስ ስልክ የምትገዛ አንዲት ሴት።"

"ያን የልጄን ጥያቄ የጠየቀችው..."

"ዩማ ናት። ስለ እኔ ነው።"

ጣይባ ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ አየችው። ሱብሐን አላህ! ቃልቻም አልነበረም፤ ጂንም አልነበረም። ማዳም ስለ ልጇ የፈራችውን ነው ስታነብ የቆየችው፤ ማዳምም የእሷን። ሁለት ሴቶች በአንድ ቤት፣ አንዷ በሌላዋ ፍርሃት ስትባንን።

ረድኤት ሁሉንም የሰማች ዕለት አለቀሰች፣ ተሳደበች፣ እንደገና አለቀሰች።

"አልሐምዱሊላህ አለች? በፊትሽ?"

"አዎ።"

"እኔ ብሆን ኖሮ ያን ሻይ ከነትሪው ነበር የምደፋባት! ማርያምን!"

"እኔም ቆስያለሁ ረዱ፣ አልዋሽሽም። ግን ተኝቼ ሳስበው፣ ያኔ የደላል ቦታ ላይ ሐሲና ብትሆን፣ የኔ ቦታ ላይ ደግሞ ሌላ ሰው ቢሆን፣ እኔስ ምን ነበር የምለው?"

ረድኤት አፍንጫዋን ስትናፈጥ ተሰማ።

"ያችኑ ቃል ነበር የምለው" አለች ጣይባ። "ይበልጥ ያስደነገጠኝ ይኸ ነው።"

ከሆስፒታል ወጥታ ወደ ሚሽሪፍ ስትመለስ ሻንጣዋ ክፍሏ ውስጥ፣ አልጋዋ ሥር፣ በነበረበት ነበር። ጎንበስ ብላ በእጇ ነካችው። ደላል ስልኩን ከጽጌረዳው አጽድታ በጣይባ ስም ሌላ አካውንት ከፍታላታለች፤ "ምን ሥዕል ላድርግልሽ?" ብትላት ጣይባ አስባ "ሐሲናን" አለች። ስልኩንም ከእንግዲህ ጉያዋ አልከተተችውም። ሐኪሟ ስልክ እብጠት አያመጣም ብላ ስቃባታለች፤ ቢሆንም ጣይባ ከአሮጌ መጋረጃ ቅዳጅ ትንሽ ከረጢት ሰፍታ፣ ክር አበጅታ፣ ከቀሚሷ ውጪ በአንገቷ አንጠለጠለችው።

አንድ ቀትር ላይ ቁስሉ በላት። ማቀዝቀዣው ጎን ቆመች፣ ስልኩን ወደ አፏ አቀረበች፣ እንደ ድሮዋ በሹክሹክታ ጠየቀችው። "ቁስል ደርቋል፣ ይበላል፣ ዘይት ይቀባል?" ስልኩ አስተካክሎ ጻፈላት። መልሱን ግን አላዳመጠችም። በእግሯ ጣት እየረገጠች ወደ ሳሎኑ በር ሄዳ አጮልቃ ማዳምን አየቻት፤ ፊቷ ይለወጥ እንደሆነ።

ማዳም ኑሪያ መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ታብሌቷን ታነባለች። ፊቷ አልተለወጠም። ታብሌቱ ላይ የከዓክ ብስኩት አሠራር ነበር።

"ጣይባ" አለች ቀና ሳትል።

ጣይባ ደነገጠች። "አቤት ማዳም።"

"ማጮለቁን ተይና ግቢ። ምንድን ነው?"

"ምንም።"

"ድምፅሽ ቀጠነ" አለች ማዳም። ታብሌቱን ገልብጣ ትራሱ ላይ አስቀመጠችው፤ መነጽሯን አወለቀች። "ቁስሉ ነው? ነይ፣ ልየው።"

ጣይባ በአንገቷ የተንጠለጠለውን ስልክ በእጇ ያዘችው። አሁንም ለራሱ በጥሩ ዐረብኛ ሲያወራ ይሰማታል። አጠፋችውና ገባች።